የጎንደር ሠዓሊዎች ማኅበር

ከደባርቅና ከዳባት በኮሶዬ በኩል ወደ ጎንደር የሚወርድ ሰው የሚደርስበት የሥዕል ትምህርት ቤት መሥራች ጉባኤም የአባላት ስም ዝርዝርም አልነበረውም። ማኅበር ነበር ማለት ግን ይቻላል። አፄ ፋሲለደስ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ ነገሥታቱ አድባራት ሲያሠሩ፣ ሠዓሊዎቹ አንድ ሕግ ይዘው ሠርተዋል። ጻድቁ ፊቱን ሙሉ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ይመለከታል፤ ገራፊውና ከሃዲው በጎን ይሣላሉ፣ የሚታየውም አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን እንኳ ማን ከማን ወገን እንደቆመ ወዲያው ይለያል። ሕጉ ከጎንደር በፊትም የነበረ ነው ቢባል እውነት ነው፤ አሣሣሉ ግን በዚያው ከተማ አብሮ ተለውጧል። መጀመሪያ ቀለሙ ደማቅና ያልተደባለቀ ነበር። በእቴጌ ምንትዋብና በልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን ፊቱ ጥላ አገኘ፣ ልብሱም በአበባ ጥለት ተሞላ። ይኸው አሣሣል ጣና ላይ ናርጋ ሥላሴ ደርሶ፣ እቴጌይቱ ራሳቸው በእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው ተሥለዋል። በየፊናው የሚሠራ ሠዓሊ እንዲህ ከሌላው ጋር እኩል ሊለወጥ አይችልም።

«የፈረንጅ ግልባጭ ነው» የሚሉ አሉ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሮም ላይ በአረብኛ የታተመው ወንጌል ሥዕሎች ለጎንደር ሠዓሊዎች አብነት ሆነው ማገልገላቸው አይካድም። ነገር ግን የሮሙ ሥዕል ጥቁርና ነጭ፣ ጥልቀት የሚያሳይ ነው፤ የጎንደሩ ሠዓሊ የሰዎቹን አቋቋም ወስዶ ጥልቀቱን ትቶታል፣ በራሱ ቀለምም አልብሶታል። የሚመርጥ ሰው ደግሞ ገልባጭ አይባልም። ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ የስም ጉዳይ ነው፤ ከሥዕሉ ሥር የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ የአሠሪው ስም እንጂ የሠዓሊው አይደለም። ይህም ቢሆን የሚያሳየው ሙያው የግል ዝና መፈለጊያ አለመሆኑን ነው።

የእነዚህ ሰዎች መዝገብ እንግዲህ ግድግዳው ብቻ ነው፤ ጥፋቱም የሚከፋው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1932 በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ቡድን የጎንደሩን የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ በምትካቸው ቅጂ አስቀመጠ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ናቸው። በዳባትና በደባርቅ አድባራት የቀረ አሮጌ ሥዕል ካለ፣ በእድሳት ስም ቀለም ሳይቀባበት ፎቶ ይነሣ፣ ይመዝገብም።