እንዴት ይሠራል? በሰዓት ላይ የሚዞሩ ቁጥሮች

ሐኪም «በየ8 ሰዓቱ» ብሎ ያዘዘውን ክኒን ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የጀመረ ሰው፣ ሁለተኛውን ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ሦስተኛውን ከምሽቱ 4 ሰዓት ይውጣል። ቀጣዩ ተመልሶ ጠዋት 12 ሰዓት ነው። መድኃኒቱ ሳምንት ቢወሰድ ወር፣ ከ12፣ ከ8 እና ከ4 ሌላ ቁጥር አይነካም። ትእዛዙ በየ5 ሰዓቱ ቢሆን ግን 12፣ 5፣ 10፣ 3፣ 8፣ 1፣ 6፣ 11፣ 4፣ 9፣ 2፣ 7 እያለ ሁሉንም ያዳርሳል። ልዩነቱ ከየት መጣ?

በሰዓት ላይ 12 የዜሮን ሥራ ይሠራል፤ 12 ሰዓት ሲጨመር መርፌው ዞሮ ከነበረበት ይቆማል። እንዲህ አንዱን እርምጃ ብቻ በመደጋገም ሁሉም ቁጥር የሚደረስበት ሥርዓት ሳይክሊክ ግሩፕ ይባላል። ሁሉንም የሚያዳርሰው እርምጃ አመንጪ ነው። 12፣ 8 እና 4 ደግሞ እርስ በርስ ቢደመሩ ከሦስቱ አይወጡምና ንዑስ ግሩፕ ናቸው።

ስሌቱ አጭር ነው። የእርምጃውንና የ12ን ትልቁን የጋራ አካፋይ ይፈልጉ፤ 12ን ለእሱ ያካፍሉ። ለ8 የጋራ አካፋዩ 4 ስለሆነ 3 ቁጥሮች ብቻ ይነካሉ። ለ5 ግን 1 ስለሆነ 12ቱም ይነካሉ። አመንጪዎቹ 1፣ 5፣ 7 እና 11 ብቻ ናቸው።

አምስት ቁጥር ያለው ንዑስ ግሩፕ ለምን አይኖርም? ክኒኑን ከ1 ሰዓት ቢጀምሩ 1፣ 9፣ 5 ያገኛሉ፤ ከ2 ቢጀምሩ 2፣ 10፣ 6፤ ከ3 ቢጀምሩ 3፣ 11፣ 7። ከመጀመሪያው 12፣ 8፣ 4 ጋር አራቱ ምድቦች ሳይደራረቡ ሰዓቱን እኩል ተካፈሉት። አምስት አምስት ሆኖ 12ን መካፈል አይቻልም። የንዑስ ግሩፕ መጠን የግሩፑን መጠን ያለ ቀሪ ማካፈል አለበት የሚለው ይህ ሕግ የላግራንዥ ቴዎረም ይባላል፤ ለማንኛውም ውሱን ግሩፕ ይሠራል። ሳይክሊክ ግሩፕ ግን አንድ ይጨምራል፦ ለእያንዳንዱ አካፋይ በትክክል አንድ ንዑስ ግሩፕ አለ። የ12 አካፋዮች 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6 እና 12 ስለሆኑ ንዑስ ግሩፖቹም ስድስት ናቸው።

8 ወደፊት መሄድ 4 ወደኋላ ከመመለስ ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ 8 እና 4 የሚያስገኙት ያንኑ ንዑስ ግሩፕ ነው። የአጽዋማትና የበዓላት ቀን በሚሰላበት በባሕረ ሐሳብም፣ የየዓመቱ አበቅቴና መጥቅዕ የተባሉት ቁጥሮች የሚሰሉባቸው መነሻዎች ጥንተ አበቅቴ 11፣ ጥንተ መጥቅዕ 19 ናቸው። በ30 ዙር ላይ 19 መጨመር 11 መቀነስ ነውና፣ የአንድ ዓመት አበቅቴና መጥቅዕ ድምራቸው 30 ነው። በ2017 ዓ.ም. አበቅቴ 1፣ መጥቅዕ 29 ነበሩ።

ሳምንት ደግሞ 7 ቀን ነው፤ 7 ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም። በየ3 ቀኑ ተረኛ የሆነ ዘበኛ ሰኞ ቢጀምር ሐሙስ፣ እሑድ፣ ረቡዕ፣ ቅዳሜ፣ ማክሰኞ፣ ዓርብ ይደርሰዋል። በየ2፣ በየ4፣ በየ5 ወይም በየ6 ቀኑ ቢደረግለትም ያው ነው። እሑድን ሁልጊዜ ማረፍ የሚሻ ተረኛ ተራው በቀን ልዩነት ሳይሆን በሳምንቱ ቀናት ስም እንዲመደብለት ይጠይቅ።