የእግር እብጠት ሁሉ አንድ አይደለም

ጾሞ ውሎ አፍጥሮ የተኛ ሰው ሌሊት የእግሩ አውራ ጣት አብጦና ቀልቶ፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ የሚያመው ከሆነ ሪህ ይጠረጠራል። በወላይታ ግን እግር አበጠ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው ዝሆኔ ነው። እሱ በዓመታት ቀስ እያለ ያብጣል፤ ሪህ በአንድ ሌሊት ይነሣል።

የደም ምርመራ ብቻውን ያሳስታል፤ ሕመሙ በበረታበት ሰዓት የዩሪክ አሲድ መጠን ልክ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። አስተማማኙ መንገድ ከመገጣጠሚያው በመርፌ ፈሳሽ ቀድቶ በፖላራይዝድ ማይክሮስኮፕ ማየት ነው። አሜሪካውያኑ ሐኪሞች ማካርቲና ሆላንደር በ1961 እ.ኤ.አ. በዚሁ ዘዴ እንደ መርፌ የሾሉትን የሪህ ክሪስታሎች አሳይተዋል። በአረጋውያን ጉልበት ላይ የሚበዛው የካልሲየም ክሪስታል ግን አጠር ያለ፣ ባለ አራት ማዕዘን ነው።

ፈሳሹ ሌላም ነገር ይለያል። መገጣጠሚያው በጀርም ተመርዞ ከሆነ በቀናት ውስጥ ሊበላሽ ስለሚችል፣ ትኩሳት ያለው ሰው ሆስፒታል ለመሄድ ኢፍጣርን አይጠብቅ።

ሪህ እንዳለበት የተረጋገጠ ጾመኛ ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ውኃ ደጋግሞ ይጠጣ፣ የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል፣ ሥጋም ይቀንስ። የሶዶ ቁርጥ በዳጣ ቀርቦ «ተው» ማለት እንደማይቀል እናውቃለን።