ከፊደል ራስ ላይ የወረደው ምልክት

ልደታ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ያለች አንዲት ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ አንድ መሪጌታ የእጅ ጽሑፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ቆመዋል። ለተማሪዎቻቸው የሚያድሉት አንድ ገጽ ዜማ ነው። ጸሐፊዋ ቃሉን ቶሎ ለቅማ ጨረሰች። ያስቸገራት ከመስመሩ በላይ ያለው ነው፤ ነጥቡ፣ ቅስቱ፣ ጥቃቅኑ ፊደል።

«አባቴ፣ ይኼን በእስክሪብቶ ቢያደርጉት አይሻልም?»

«ለእሱማ እዚህ ምን አመጣኝ፣ ልጄ!» አሉ እየሳቁ።

ዜማውን የደረሰው በ6ኛው ክፍለ ዘመን ቅዱስ ያሬድ መሆኑን ትውፊት ይናገራል። ምልክቱን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ ሥርዓት ያስያዙት ደግሞ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ናቸው ይባላል። ዜማ ቤት ያለፈ ሰው የምልክቶቹን ስም በአንድ ትንፋሽ ይጠራል፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ፣ ድርስ፣ አንብር። ስማቸው ራሱ ድምፅ ምን እንዲያደርግ ያዛል፤ ቁርጥ ይቆርጣል፣ ርክርክ ያንቀጠቅጣል። ከነዚህ ሌላ ብዙ መቶ የፊደል ምልክቶች አሉ። አንድ ወይም ሁለት ፊደል በደቂቁ ከቃሉ በላይ ይጻፋል፤ ተማሪው በቃሉ ከያዘው ሌላ ሐረግ የተወሰደ ነውና፣ «ይህን በዚያ ሐረግ ዜማ በለው» ማለት ነው። የፈረንጅ ኖታ ድምፁን ይለካል፤ የእኛው የሚያውቀውን ሰው ያስታውሳል።

ኮምፒውተር ምልክቶቹን አያውቅም ማለት ስሕተት ነው። የፊደላትን የዓለም መዝገብ የሚይዘው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣው 4.1 እትሙ አሥር የዜማ ምልክቶች መዝግቧል። ዜማ ቤትም አሥር ይላል፣ ግን አሥሩ አንድ አይደሉም። ድርስና አንብር በ«ስ» እና በ«ር» ስለሚጻፉ አዲስ ቦታ አላስፈለጋቸውም፤ በምትካቸው አጭር ርክርክና ደረት ሂደት ለብቻቸው ተቆጥረዋል።

ጣጣው ሌላ ነው። በዚያው እትም የገባው የማጥበቂያ ምልክት ፊደሉ ራስ ላይ ወጥቶ ይቀመጣል። የዜማ ምልክቶቹ ግን እንደ አራት ነጥብ ራሳቸውን ችለው የሚቆሙ ተደርገው ተመዘገቡ። «ሰላም» ላይ፣ ከ«ላ» በላይ ይዘት ላድርግ ብትሉ የምታገኙት «ሰላ᎐ም» ነው። (ስልክዎ ባዶ ሳጥን ካሳየዎት ፊደል ቅርጹ ምልክቱን አልያዘም ማለት ነው።) ከዚያ በኋላ «ሰላም» ብሎ መፈለግ ቃሉን አያገኘውም። የፊደል ምልክት ሲሆንማ ይብሳል፤ ድርስ «ሰላስም» ይሆንና ቃል ይመስላል።

በእኔ እይታ መዝጋቢዎቹ አልተሳሳቱም። ምልክቱ የራሱ መስመር አለው፤ አንዳንዴም ሁለት ሦስት ሆኖ ይደረደራል። ያን መስመር መዘርጋት የጽሕፈት ፕሮግራሙ ሥራ ነበር፤ እሱ ነው የቀረው። በማይክሮሶፍት ዎርድ መውጫ የሚሆነው ለጃፓንኛ የተሠራው፣ ከቃል በላይ ንባብ የሚያስቀምጠው መሣሪያ ነው። እሱን ለማግኘት መጀመሪያ የእስያ ቋንቋ እንጽፋለን ብሎ ፕሮግራሙን ማሳመን ያሻል። የያሬድን ዜማ ለመጻፍ ጃፓናዊ መምሰል! ያም ሆኖ ጽሑፉ ወደ ስልክ ሲገለበጥ ምልክቱ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል።

የላቲኖቹ የጎርጎርዮስ ዜማ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። ጎርጎሪዮ የተባለ ነፃ ፕሮግራም አለው፤ ከእያንዳንዱ ክፍለ ቃል ቀጥሎ በቅንፍ የድምፁ ፊደል ይጻፋል፣ ፕሮግራሙ ወደ ላይ አውጥቶ ይስለዋል። ብልሃቱ ቀላል ነው፦ የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ አስቀድሞ መስማማት። ለእኛም ከዚህ የራቀ ነገር አያስፈልግም።

«እንዲያው መስመሩን ሰፋ አድርጊልኝ» አሉ መሪጌታ። ልጅቷ የመስመሩን ርቀት በሦስት እጥፍ አስፍታ አተመችላቸው። በርጩማ ሳብ አደረጉና ቀዩን እስክሪብቶ አወጡ፤ እያንጎራጎሩ ከላይ ጀመሩ። ሲጨርሱ ሠላሳ ኮፒ አዘዙ። ኮፒው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ቀዩም ጥቁር ሆኖ ወጣ።