ከማሽላው በፊት ማማው ይፈተሽ

በአዲስ አበባ ከስታዲየም ወደ ካዛንቺስ በሚወስደው መንገድ ዳር በመሠራት ላይ ካሉት ፎቆች በአንዱ ላይ፣ ከባሕር ዛፍ አጣና የተሠራ መወጣጫ ቆሟል። ሲሚንቶ የሚያቀብሉት ወጣቶች ከገጠር የመጡ መሆናቸው ከአነጋገራቸው ያስታውቃል። ከመካከላቸው አንድ ጎልማሳ ከመውጣቱ በፊት አጣናውን በእጁ ይዞ ሁለት ሦስት ጊዜ ወዘወዘው፤ ከዚያም ሥሩን በእግሩ ገፋ ገፋ አድርጎ ወጣ። ይህ ጸሐፊ ሰውየውን ሲመለከት ማማ ላይ ያደገ መሆን አለበት ብሎ ገመተ።

ማማ ምን እንደሆነ ለገበሬ ማኅበር መሪዎች ማስረዳት አያስፈልግም። ማሽላው ወተት መያዝ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ እስኪቆረጥ ድረስ ቀን ከግሪሳና ከዝንጀሮ፣ ሌሊት ከከርከሮና ከጃርት ጋር ትግል ነው። ከወፍ የተረፈው እህል በስብሰባ ላይ በኩንታል ይነገራል። ከማማ ወድቆ ስለተሰበረው ሰው ግን ሲነገር እምብዛም አይሰማም፤ «ዕድሉ ነው» ተብሎ ይታለፋል። ዕድል ብቻ ሳይሆን የበሰበሰ እንጨት ጉዳይ መሆኑን ለመናገር ነው ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው።

ጸሐፊው በልጅነቱ በራያ ቆቦ ወንጭፍ ይዞ ማሽላ ጠብቋል። በአጎራባች ማሳ ላይ ይጠብቅ የነበረ የዕድሜ እኩያው አንድ ቀን ድንጋይ ሊወነጭፍ ከማማው ጠርዝ ላይ ሲቆም፣ ምስጥ የበላው ቋሚ ከሥሩ ተሰበረና ልጁ በክንዱ ላይ ወደቀ። ወጌሻ ተጠርቶ ክንዱን በቀርከሃ አጥብቆ አሰረው። ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኽ አደረ፤ «አጥንቱ እየገጠመ ነው» ተባለ። በሦስተኛው ቀን ጣቶቹ ጠቆሩ። ሆስፒታል ሲደርስ ክንዱን ከመቁረጥ በቀር የሚደረግ ነገር አልተገኘም። ዛሬ ሞፈር ጨብጦ ማረስ ስለማይችል የአባቱን መሬት ለእኩል ሰጥቶ ይኖራል።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ቀስት ይዘው አጋዘን የሚያድኑ ሰዎች ዛፍ ላይ መቀመጫ አስረው ያደባሉ። ብዙዎቹን ለከባድ ጉዳት የሚዳርጋቸው ቀስቱ ሳይሆን ከመቀመጫው መውደቅ ነው፤ አከርካሪው ተመትቶ ከወገብ በታች የማይንቀሳቀስ ሆኖ የቀረም አለ። በእኛም አገር በካፋና በሸካ ቀፎ ለመስቀል ረጅም ዛፍ ላይ የሚወጡ ንብ አርቢዎች ከዚሁ አደጋ ጋር ይኖራሉ። ከ4 ሜትር ከፍታ የወደቀ ሰው አንድ ሰከንድ ሳይሞላ መሬት ይደርሳል፤ ፍጥነቱም በሰዓት ወደ 32 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ልያዝ ቢል ጊዜ የለውም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ቋሚው የሚሞተው አፈርና አየር ከሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ምስጡም እርጥበቱም የሚበረታው እዚያ ስለሆነ፣ አፈሩን አንድ ስንዝር ያህል ቆፈር አድርጎ በቢላዋ መውጋት ያስፈልጋል። ቢላዋው ያለ ችግር ከገባ ቋሚው ይለወጥ። ያምና ልጥና ሐረግ ደርቆ ስለሚበጠስ በየዓመቱ አዲስ ማሰሪያ ይደረግ። ማማው ከማሽላው ራስ በላይ ለማየት ከበቃ ከዚያ በላይ ማስረዘም ትርፉ አደጋ ብቻ ነው። ከፍ ያለ ቦታ ካለ ማማውን እዚያ ላይ ማቆም ይሻላል። በዙሪያው እስከ ወገብ የሚደርስ አጥር ይሠራለት፤ ወንጭፍ የሚወነጭፍ ሰው ዐይኑ ወፉ ላይ እንጂ እግሩ ላይ አይደለምና።

አወጣጡም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ድንጋይ በጉያ፣ የውሃ ቅል በትከሻ፣ ጅራፍ በእጅ ይዞ መሰላል መውጣት የተለመደ ነው፤ የሚጥለውም ይኸው ነው። ሰውየው ባዶ እጁን ይውጣ፤ ሁልጊዜ ሁለት እግርና አንድ እጅ ወይም ሁለት እጅና አንድ እግር መሰላሉን ይያዙ። ዕቃው በኋላ በገመድ ይጎተታል። የመሰላሉ ጫፍ ከማማው ወለል አንድ ሜትር ያህል ቢያልፍ ሲወርዱ መያዣ ይሆናል። ሌሊት የሚጠብቁ ሁለት ሆነው ይፈራረቁ፤ እንቅልፍ የያዘው ሰው ወርዶ ይተኛ። ወገብን በገመድ ማሰር የሚመርጡ አሉ። ገመዱ ከጠርዝ የማያሳልፍ አጭር ከሆነ ይጠቅማል፤ ረዥም ከሆነ ግን የወደቀውን ሰው አንጠልጥሎ ትንፋሽ ያሳጥረዋል።

ይህን ሁሉ ለእያንዳንዱ ገበሬ መተው አይበቃም። ማኅበሩ ጥበቃው ከመጀመሩ በፊት አንድ ቀን ቆርጦ በደቦ ማማዎቹን ሁሉ ቢያስፈትሽ፣ ደካማውን ቢያስፈርስ፣ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ሕፃናትን በተመለከተ የጸሐፊው አስተያየት ግልጽ ነው፦ በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጅ ማማ ላይ መገኘት የለበትም።

አደጋው ከደረሰ ደግሞ ከባዱ ጥፋት የሚመጣው ከውድቀቱ በኋላ ነው። ጀርባዬን ወይም አንገቴን የሚል፣ ወይም እግሩን ማንቀሳቀስ ያቃተው ሰው አይቀመጥ፣ በበቅሎ አይጫን፣ እጅና እግሩን ተይዞ አይነሣ። ራሱና ጀርባው ሳይታጠፍ፣ ብዙ ሰው ሆኖ በአንድ ጊዜ አንሥቶ በቃሬዛ ላይ በማጋደም ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው። የታሰረ ክንድ ወይም እግር ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ ማሰሪያው ወዲያው ይላላ፤ ደም ያጣ ሥጋ በ6 ሰዓት ገደማ ውስጥ ሊሞት ይችላልና ሌሊቱ እስኪነጋ አይጠበቅም። ወጌሻን ማውገዝ ግን አይበጅም። የአካባቢው ሰው የሚያምነው እሱን ስለሆነ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር አገናኝቶ ይህን ምልክት እንዲያውቅ ማድረግ የማኅበሩ መሪዎች ሊያስተባብሩት የሚችሉት ሥራ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት የሚረዳ ድርጅት ከዚያው ከስታዲየም አካባቢ ይገኛል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚያ ሲሆን፣ የመጀመሪያ ርዳታ ሥልጠና ይሰጣል። በየክልሉም ቅርንጫፎች አሉት። ጥያቄው ከጥበቃው ወራት ቀደም ብሎ፣ በክረምቱ ቢቀርብ ይመረጣል።