የድመት ጥርስና ጠባቂው እጅ

ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በላንቻ አልፎ ወደ ጎተራ በሚዘልቀው በደብረ ዘይት መንገድ ግራና ቀኝ፣ ከፎቆቹ ጀርባ ባሉት ግቢዎች ውስጥ፣ ድመት የምትያዘው ባመዛኙ ለአንድ አገልግሎት ነው፤ እርሱም ጤፉንና ሽሮውን ከአይጥ እንድትጠብቅ ነው። ቀለቧም እንደ ግቢው ዐቅም ነው፤ በደኅናው ቀን ከልኳንዳ ቤት የመጣ የሳንባ ቁራጭ፣ በዐቢይ ጾም ልኳንዳው ሲዘጋ ደግሞ በውሃ የራሰ ዳቦ ወይም የሽሮ ፍትፍት ይቀርብላታል። ባለቤቶቿ ጠጕሯ መጎሳቆሉን፣ ዓይኗ መድፈረሱን፣ ሆዷ መጉደሉን ያያሉ፤ ከንፈሯን ገለጥ አድርጎ ጥርሷን የሚመለከት ግን እምብዛም አይገኝም፤ ሥጋ በሊታ የሆነች እንስሳ ጥርሷ በሥራው ብዛት ራሱን በራሱ ያጠራል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። ይህ አሳብ ግን ከእውነቱ የራቀ ነው፤ ብዙ ድመቶችንም ማንም ሳያውቅላቸው ለረጅም ሕማም አሳልፎ ይሰጣል።

የድመት ልጅ ስትወለድ ጥርስ የላትም። ከ2ኛው ወይም ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ 26 የወተት ጥርሶች ይበቅላሉ፤ እነዚህም ዕድሜዋ 6 ወር እስኪሞላ ድረስ ተራ በተራ እየወደቁ በ30 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ፤ 16ቱ ከላይ፣ 14ቱ ከታች ናቸው። ከፊት ያሉት 12 ጥቃቅኖች ጠጕር ለማበጠርና ከአጥንት ላይ ሥጋ ለመጋጥ፣ 4ቱ ክራንቻዎች ያደኑትን ለመግደል፣ ከኋላ የተሰለፉት 14ቱ ደግሞ ለመቍረጥ የተሠሩ ናቸው። የሰው መንጋጋ እህል ለመፍጨት ወደ ጎንም ሲንቀሳቀስ፣ የድመት መንጋጋ ግን ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ይከፈታል፤ ጥርሷም ምግብ የሚሰነቀርበት ጎድጓዳ ገጽ የለውም። ጣፋጭን የሚለየው የምላስ ስሜት ከዘሯ የጠፋ ስለ ሆነ ለስኳር አትጓጓም፤ ምራቋም ከአሲድነት የራቀ ነው። በዚህ ሁሉ ምክንያት ሰውን የሚያሠቃየው የጥርስ መቦርቦር በድመት ላይ ከቶ አይታይም ለማለት ይቻላል።

ነገር ግን ጥርሷን ከመቦርቦር የሚጠብቀው ያው ምራቅ በሌላ በኩል ጉዳት ያመጣባታል። በጥርሱና በድዱ መጋጠሚያ ላይ፣ ከጸዳ በኋላ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ተጣብቀው ለስላሳ ሽፋን ይሠራሉ፤ ሽፋኑ ካልተጠረገ በምራቁ ውስጥ ያለው ካልሲየም እየሰረገበት በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደ ማንቆርቆሪያ ቅርፊት ደርቆ ይጋገራል። የደረቀው ቅርፊት ሸካራ ስለ ሆነ ለአዲስ ሽፋን ማረፊያ ይሆናል፤ ድዱም ይቀላል፣ ያብጣል። እስከዚህ ድረስ ያለው ሕማም ጽዳት ከተደረገለት ይመለሳል። ብግነቱ ከድዱ አልፎ ጥርሱን የያዘውን አጥንት መብላት ከጀመረ ግን የጠፋው አጥንት ዳግመኛ አይተካም። ዕድሜያቸው ከ4 ዓመት ካለፈ ድመቶች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት አንድ ዐይነት የጥርስ ወይም የድድ ሕመም እንዳለባቸው ሐኪሞች ይገምታሉ።

አደን የጥርስ መድኃኒት አለመሆኑን የምታስረዳን ከደቡብ አፍሪካ በስተ ደቡብ ርቃ በቀዝቃዛው ውቅያኖስ ውስጥ የምትገኘው ማሪዮን ደሴት ናት። በፈረንጆች 1949 ዓ.ም. በዚያ የነበረው የአየር ጠባይ መመልከቻ ጣቢያ፣ ልክ እንደ ላንቻ ግቢዎች፣ አይጥ ስላስቸገረው 5 ድመቶች ተወሰዱለት፤ ዘራቸውም ከሰው እጅ ወጥቶ፣ የባሕር ወፍ እያደነ፣ ከሠላሳ ዓመት ባነሰ ጊዜ በሺህ የሚቆጠር ሆነ። ወፎቹን ከመጥፋት ለማዳን ድመቶቹ ከደሴቱ እንዲወገዱ በተደረገ ጊዜ ሊቃውንት የራስ ቅላቸውን ሰብስበው ጥርሳቸውን መረመሩ። በጥርሳቸው ላይ ቅርፊት የተገኘባቸው ከ10 አንድ አይሞሉም ነበር፤ ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ግን የጥርሳቸው ደጋፊ አጥንት በድድ ሕማም ተበልቶ ተገኘ። ያልበሰለ ሥጋ ከነላባውና ከነአጥንቱ የሚሰብር የዱር ድመት እንኳ ጥርሱ ነጭ ሆኖ ሳለ ሥሩ ከታመመ፣ የራሰ ዳቦ የምትበላው የግቢ ድመት ምን ያህል የባሰ ጥበቃ እንደሚያስፈልጋት መገመት አያዳግትም።

ከድድ ሕማም ሌላ ሁለት ክፉ ደዌዎች አሉ። በመጀመሪያው የድመቷ የገዛ አካል ሕዋሳት፣ ምክንያቱ እስካሁን በውል ባልታወቀ ሁኔታ፣ ጥርሱን ከሥሩ እየሸረሸሩ ያሟሙታል፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረውም በታችኛው መንጋጋ በኩል ከክራንቻው ቀጥሎ ባለው ጥርስ ላይ ነው። ሁለተኛው መላ አፏን ከጕሮሮዋ ጭምር የሚያቆስል ጽኑ ብግነት ነው። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከአገራችን ወሰዷት በሚባል ድመት አማካይነት «አቢሲኒያን» የሚል ስም ያገኘችው ዝርያ፣ ምንም እንኳ የዘር ምርመራ መነሻዋን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ቢያመለክትም፣ ለድድ ብግነት ከሌሎች ይልቅ የተጋለጠች መሆኗን የእንስሳት ሐኪሞች ይናገራሉ።

ይህን ሁሉ ሥቃይ ድመት በአርምሞ ትሸከመዋለች። አዳኝ ብትሆንም ከእርሷ ለሚበልጡ አውሬዎች ታዳኝ ስለ ነበረች ድካሟን መደበቅ በባሕርይዋ ውስጥ የተተከለ ነው፤ ጥርሷ እየታመመ እንኳ መብላቷን አታቋርጥም። ስለዚህ ምልክቱን ከጩኸቷ ሳይሆን ከልማዷ መለወጥ መፈለግ ይገባል፦ በአንድ ጎን ብቻ ማኘክ፣ የጎረሰችውን መጣል፣ ለሃጭ ማዝረብረብ፣ አፏን በመዳፏ መዳሰስ፣ ጠጕሯን መላስ መተው። የአፏ መጥፎ ሽታም «የድመት ነገር ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ ጤናማ የድመት አፍ አይከረፋም።

ለጥበቃው የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው፤ ለስላሳ የሕፃን ጥርስ ብሩሽ፣ እርሱም ከሌለ በጠቋሚ ጣት ላይ የተጠቀለለ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭና ንጹሕ ውሃ ይበቃሉ። ለድመት ተብሎ የተዘጋጀ የጥርስ ሳሙና ከተገኘ መልካም ነው። ትልቁ ዕቃ ትዕግሥት ነው፤ ድመት በግድ ይዘው ያደረጉባትን አንድ ቀን ለብዙ ቀን ታስበዋለችና። በልታ ጠግባ ስታንጎላጅ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጕንጯን ብቻ መዳሰስ፣ ቀጥሎ ከንፈሯን ለአፍታ ገለጥ አድርጎ መልቀቅ፣ ከዚያ በረጠበ ጣት ጥርሷን መንካት፣ ይህንን ሁሉ ከለመደች በኋላ ነው ብሩሹን ማምጣት። አፏን አስከፍቶ መታገል አያስፈልግም፤ የጥርሱ የውስጥ ገጽ በሸካራው ምላሷ ስለሚጠረግ፣ የእኛ ሥራ የውጭውን ገጽ፣ ይልቁንም የላይኛውን የኋላ ትልቅ ጥርስ ከድዱ ጋር በሚገናኝበት ላይ ቀስ አድርጎ ማሸት ነው፤ የምራቅ ቧንቧ የሚከፈተው በዚያ አንጻር ስለ ሆነ ቅርፊቱ ከሁሉ ይልቅ እዚያ ይከማቻል። ለእያንዳንዱ ጎን ግማሽ ደቂቃ ይበቃል፤ በየቀኑ ቢደረግ እጅግ መልካም ነው፤ ባይቻል በሳምንት ከ3 ቀን ባያንስ ይሻላል። ድዷ ከወዲሁ ቀልቶ ከደማ ግን ብሩሹ ሕመም ይጨምርባታልና በፊት ለሐኪም ትታይ። የእብድ ውሻ በሽታ በአገራችን ያለ ስለ ሆነም ያልተከተበች ድመት አፍ ውስጥ እጅ መስደድ አይገባም፤ የነከሰችውም ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የምግቧ ነገርም ከዚህ አይለይም። ሳንባ ለጥርስ የማይቋቋም ልል ሥጋ ነው፤ በምትኩ አልፎ አልፎ የተቀቀለ ልብ ወይም ጅማት ያለበት ሥጋ፣ ሳይከተፍ በቁራጭነቱ ቢሰጣት እያኘከች ጥርሷን ትጠርጋለች፤ የብሩሹን ቦታ ባይተካም ያግዛል። የተቀቀለ አጥንት ግን ተሰንጥቆ ጕሮሮዋን ስለሚወጋ ይቅር። በወጥ ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደሟን ይጎዳል። የሰው የጥርስ ሳሙናም፣ አትተፋውም፣ ትውጠዋለችና፣ አይበጃትም።

ከሁሉ አብልጬ ባለ ድመቶችን የምማጠነው ስለ ፓራሲታሞል ነው። ጥርሷን አመማት ብሎ ከቤት ካለው መድኃኒት ከፍሎ መስጠት ከርኅራኄ የሚመነጭ ሥራ ቢሆንም፣ የድመት ጉበት ይህን መድኃኒት የሚያከሽፈው ኤንዛይም ስለሚጎድለው ደሟ ኦክሲጅን መሸከም ይሳነዋል፤ አንዲት ክኒን እንኳ ልትገድላት ትችላለች።

ቅርፊቱ አንዴ ከጠነከረ በቤት ውስጥ በቢላዋም ሆነ በጥፍር መፋቅ አይቻልም፤ ድዱን ያቆስላል፣ ጥርሱንም ይሰነጥቃል። ይህ የሐኪም ሥራ ነው፤ ድመቷም ሙሉ ሰመመን ተሰጥቷት ከድዱ በታች ያለው ጭምር ይጸዳል። በላንቻ መካከል የሚያልፈው መንገድ በሚደርስበት በደብረ ዘይት በፈረንጆች 1979 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ለአገራችን ብዙ ሐኪሞች አፍርቷል፤ የአገሪቱ ሀብት ከብት ስለ ሆነ የትምህርቱ ክብደት ወደ በሬና ወደ በግ ማዘንበሉ ባያስደንቅም፣ ለድመትም የሚሆን ዕውቀት አለና መጠየቅ ይገባል።

ሐኪሙ ጥርሶቿ ይውለቁ ቢል ብዙዎች በረኃብ ትሞታለች ብለው ይፈራሉ። የተሸረሸረ ጥርስ ያለበትም ሆነ አፉ በብግነት የቆሰለ ድመት ግን ብዙ ጊዜ እፎይታ የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው፤ ጥርሶቹ በሙሉ የወለቁለት እንኳ በምላሱ እየዛቀ ደኅና አድርጎ ይበላል። ቁስሉ እስኪሽር ድረስ ጨው የሌለበት በደቃቁ የተከተፈ ቅቅል ሥጋ ከመረቁ ጋር ለብ ብሎ ይቅረብላት፤ የቀሩት ጥርሶች ካሉም ብሩሹ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ይቆይ።