ካርዱን ማን በላው?

ሞባይል፣ ማለት ተንቀሳቃሽ ስልክ፣ በአገራችን ሥራ የጀመረው በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው። ያን ጊዜ የጥቂት ከተሜዎች ዕቃ ነበር። ዛሬ ግን ገበያ ስንወርድም ሆነ ማሳ ላይ ስንውል ከኪሳችን አይለይም። የእህል ዋጋ እንጠይቅበታለን። ዓረብ አገር ካለችው ልጃችን ጋር በኢሞ ፊት ለፊት እየተያየን እንነጋገርበታለን። ነፍሰ ጡር ሴት ምጥ ሲይዛት የወረዳውን አምቡላንስ እንጠራበታለን።

ከዚሁ ጋር አንድ ቅሬታ በየመንደሩ ይሰማል። «50 ብር ካርድ ሞላሁ፤ ለማንም ሳልደውል አለቀ። ስልኩ ካርዴን በላው» ይባላል። አንዳንዱ ልጁን ይቆጣል። አንዳንዱ ካርድ የሸጠለትን ባለሱቅ ይጠረጥራል። ስልኬ ተበላሸ ብሎ ጠጋኝ ቤት የሚወስድም አለ። ነገር ግን ባለሱቁም አልሰረቀም፤ ስልኩም አልተበላሸም። ብዙውን ጊዜ ካርዱን የሚበላው ዳታ ነው።

ዳታ ምንድን ነው? በስልክ የሚተላለፈው ድምፅ ብቻ አይደለም። ጽሑፍ፣ ፎቶግራፍ፣ ዘፈንና ቪዲዮም በኢንተርኔት ይላካል፤ ይመጣልም። ይህ ሁሉ ሲመጣና ሲሄድ ይሰፈራል። እህል በቁና፣ ዘይት በሊትር እንደሚሰፈር ሁሉ ዳታም የራሱ መስፈሪያ አለው። መስፈሪያው ሜጋ ባይት ይባላል። በአጭሩ «ሜጋ» እንለዋለን። 1,024 ሜጋ አንድ ጊጋ ይሆናል። ለሂሳብ እንዲቀል 1,000 ብንለውም ብዙ አያሳስትም።

አንድ ሜጋ ምን ያህል እንደሆነ በተማርነው ፊደል እንለካው። «ሀ» ብለን አንድ ፊደል ብንልክ የሚወስደው ኢምንት ነው። ማስተላለፊያው የሚጨምረውን ካልቆጠርን በአንድ ሜጋ ወደ 350,000 የሚጠጋ ፊደል ይላካል። ይህ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ማለት ነው። በስልክ የተነሣነው አንድ ፎቶግራፍ ግን ብቻውን 2 ወይም 3 ሜጋ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም የሚብሰው ቪዲዮ ነው። ምስሉ ደብዘዝ ብሎ እንኳ አንድ ሰዓት ቢታይ 300 ሜጋ ያህል ይፈጃል። ጥርት ብሎ ከታየ አንድ ጊጋና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ስለዚህ አንድ ዓይነት ዳታ ከገዙ ሁለት ጎረቤታሞች መካከል ጽሑፍ ብቻ የሚጻጻፈው ሳምንት ሲቆይበት፣ ቪዲዮ የሚያየው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይጨርሰዋል።

ዳታ በሁለት መንገድ ይገዛል። አንደኛው ጥቅል ነው፤ ፓኬጅም ይባላል። ይህን ያህል ሜጋ፣ ለዚህን ያህል ቀን፣ በዚህን ያህል ብር ተብሎ አስቀድሞ ይከፈላል። እህል በኩንታል እንደ መግዛት ያለ ነው። ሁለተኛው ጥቅል ሳይገዙ ለመደወያ ከሞሉት ካርድ እያስቆረጡ መጠቀም ነው። ይህ ደግሞ በጣሳ እየሸመቱ መብላትን ይመስላል። በጣሳ ለሚሸምት ሰው እህል ምንጊዜም እንደሚወደድበት ለገበሬ አይነገርም።

ችግሩ የሚመጣው ኩንታሉ ሲያልቅ ነው። በቤታችን እህል ሲያልቅ ጎታው ባዶ መሆኑ ይታያል፤ እናት እጇን ስትሰድ ታውቀዋለች። ነጋዴውም «እህላችሁ አልቋል» ብሎ ሳይጠራ መጥቶ፣ በጣሳ እየሰፈረ፣ ከመቀነታችን ብር እየፈታ አይወስድም። በስልኩ ላይ ግን ልክ እንዲህ ይሆናል። ጥቅሉ ሲያልቅ ኢንተርኔቱ አይቆምም። የጀመርነው ቪዲዮ ሳይቋረጥ ይቀጥላል። ሂሳቡ ግን ከጥቅሉ ወጥቶ ወደ ዋናው ሂሳብ፣ ማለት ለመደወያ ወደ ሞላነው ካርድ ይሻገራል፤ በጣሳውም ዋጋ ይቆረጣል። የሚቆመው ካርዱ ሲያልቅ ነው።

እርግጥ ነው፣ «ጥቅልዎ አልቋል» የሚል መልእክት ይላካል። ይሁን እንጂ መልእክቱ ሲደርስ ስልኩ በልጅ እጅ ሊሆን ይችላል፤ ወይም እኛ ተኝተናል። በእኛ አስተያየት ማስታወቅ ሌላ፣ ማስፈቀድ ሌላ ነው።

እስቲ በሂሳብ እንየው። ዋጋው በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ለምሳሌ ያህል ብቻ ቁጥር እንውሰድ። በጥቅል የተገዛ አንድ ሜጋ 10 ሳንቲም ነው እንበል። ከጥቅል ውጭ ደግሞ 25 ሳንቲም ይሁን። አንድ ሰው 100 ሜጋ ጥቅል በ10 ብር ገዛ። ከዚያም አንድ ሰዓት ቪዲዮ አየ፤ 300 ሜጋ ፈጀ። የመጀመሪያው 100 ሜጋ ከጥቅሉ ሄደ። የቀረው 200 ሜጋ በ25 ሳንቲም ሲባዛ 50 ብር ይሆናል። 10 ብር አወጣሁ ብሎ ያሰበው ሰው 60 ብር አወጣ ማለት ነው። አስቀድሞ የ300 ሜጋ ጥቅል ገዝቶ ቢሆን ኖሮ በዚሁ ዋጋ 30 ብር ይበቃው ነበር።

«እኔ ግን ቪዲዮ አላየሁም፤ ስልኩ ተቀምጦ ነው ያደረው» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው። ዘመናዊው ስልክ ባለቤቱ ሲተኛም አይተኛም። በውስጡ ያሉት ፕሮግራሞች ራሳቸውን ለማደስ በየጊዜው ዳታ ይጠራሉ፤ አንዱ ሲታደስ ብቻውን በአሥር የሚቆጠር ሜጋ ይወስዳል። ቴሌግራም ከየቡድኑ የሚላከውን ፎቶግራፍና ቪዲዮ ሳንነካው ሊያወርድ ይችላል። ፌስቡክ ላይ ጽሑፍ ለማንበብ ገብተን ቪዲዮው ራሱ መጫወት ይጀምራል። ቁልፍ ያለው ተራው ስልክም ቢሆን ነፃ አይደለም። አንዳንዱ በኪስ ውስጥ ቁልፉ ሲጫን ኢንተርኔት ይከፍታል።

ሌላው ጉድ ቀኑና ሰዓቱ ነው። ጥቅል የሚያልቀው ሜጋው ሲያልቅ ብቻ አይደለም፤ የተሰጠው ጊዜ ሲያልፍም ነው። የ24 ሰዓት ጥቅል ከሆነ ግማሹ ሳይነካ ቢቀር እንኳ ሰዓቱ ሲሞላ ያበቃል። ከዚያ በኋላ የምንጠቀምበት ሁሉ ከካርዱ ይቆረጣል። ይህን ሰዓት የሚነግረን መልእክት ብዙ ጊዜ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፋል። 23:59 የሚል ቢመጣ እንዴት እናንብበው? በመጀመሪያ 6 እንቀንሳለን፤ 17:59 ይሆናል። ከ12 ስለሚበልጥ 12 ደግሞ እንቀንሳለን። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ማለት ነው። 14:30 ቢል 6 ሲቀነስ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ነው። የፈረንጁ ሜይ 20 ከእኛ ግንቦት 12 ጋር አንድ ቀን መሆኑንም ማወቅ ያሻል። ይህን ባለማወቅ «ጥቅሌ ገና ነው» ብሎ ካርዱን ያስበላ ሰው ብዙ ነው።

የሚጎዳው ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ካርዱ የተሞላው ለአንድ ጉዳይ ነው። ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ቤት ሰዎች የአምቡላንሱን ሹፌር ሊጠሩ ስልኩን ሲያነሱ «ሂሳብዎ በቂ አይደለም» ቢባሉ፣ ያን ጊዜ ባለሱቁ ተኝቷል። አንዳንዱ ደግሞ እንዲህ ሲቸግረው ካርድ በብድር ይወስዳል። ብድሩ ከነአገልግሎት ክፍያው በሚቀጥለው ካርድ ላይ ይቆረጣል። ዳታው እንደተከፈተ ከሆነ የተበደረውንም ዳታ ይበላዋል። ዶሮ ሸጦ ዕዳ መግዛት ማለት ይሄ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከሁሉ በፊት ዳታ ሲያስፈልግ መክፈት፣ ሳያስፈልግ መዝጋት ነው። በንክኪ ስልክ የመስተዋቱን ጫፍ ከላይ ወደ ታች በጣት ስንጎትት ልዩ ልዩ ምልክቶች ይመጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች የሚያሳዩ ሁለት ቀስቶች ያሉበት በብዙ ስልኮች የዳታ ምልክት ነው። ሲበራ ተከፍቷል፤ ሲደበዝዝ ተዘግቷል። ማታ ስንተኛ በር እንደምንዘጋ ይህንንም እንዝጋ። ዳታ ቢዘጋ መደወልና መቀበል አይከለከልም፤ ተራ የጽሑፍ መልእክትም ይገባል። በኢሞ ወይም በቴሌግራም የሚደወልልን ግን አይገባም። ስለዚህ ዓረብ አገር ካለችው ልጅ ጋር የምንነጋገርበትን ቀንና ሰዓት አስቀድሞ መቀጣጠር ጥሩ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ በእኛ ግምት ከሁሉ ይሻላል፤ የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። በብዙዎቹ ንክኪ ስልኮች ውስጥ የዳታ ገደብ ማበጃ አለ። የገዛነው ጥቅል 500 ሜጋ ከሆነ ገደቡን 450 ላይ እናደርጋለን። እዚያ ሲደርስ ስልኩ ራሱ ዳታውን ይዘጋል። ዝቅ የምናደርገው የስልኩ ቆጠራና የቴሌው ቆጠራ ፈጽሞ እኩል ስለማይሆን ነው። አዲስ ጥቅል ስንገዛ ገደቡ እንደገና መስተካከል አለበት። ማስተካከያው መጀመሪያ ላይ ያስቸግራል፤ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ካለ አብሮን ቢቀመጥ በአንድ ምሽት ይለመዳል። በዚያው ቴሌግራም ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ ቢዘጋ መልካም ነው።

ሦስተኛው ገንዘቡን ዳታ በማይደርስበት ጎታ ማስቀመጥ ነው። ለመደወያ ያሰብነውን ብር በዋናው ሂሳብ ላይ ከማሳደር የድምፅ ጥቅል ብንገዛበት ዳታ ሊነካው አይችልም፤ የድምፁ ጥቅል ሌላ ጎታ ነውና። የራሱ ቀን ያለው መሆኑን ግን አንርሳ። በ2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብርም የተለየ ቋት ነው። እዚያ ያለ ብር በኢንተርኔት አይቆረጥም፤ ካርድ ወይም ጥቅል የሚገዛበት እኛ ስናዝ ብቻ ነው።

ቀሪ ሂሳብን ማየትም ልማድ ይሁን። የኢትዮ ቴሌኮም መስመር ያለው ሰው *804# ብሎ ይደውላል፤ ኮከብ 804 መሰላል ማለት ነው። ጥቅል የሚገዛው በ*999# ነው። በ2015 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሳፋሪኮም መስመር ያለው ሰው ቁጥሩ የተለየ ስለሆነ ካርድ የሚሸጠውን ይጠይቅ።

እስካሁን ያልነው ሁሉ የተጠቃሚው ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን ጥንቃቄው ሁሉ በገዢው ትከሻ ላይ መጫኑ ተገቢ ነው ወይ? ይህ ጥያቄ በሌላ አገር ተነሥቶ ነበር። በደቡብ አፍሪካ እንደ እኛው ጥቅሉ ሲያልቅ ካርድ ይበላ ነበር። ሕዝቡ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2016 ጀምሮ የዳታ ዋጋ ይውረድ ብሎ ጮኸ። የአገሩ የመገናኛ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤትም ደንብ አወጣ። ደንቡ በ2019፣ በእኛ በ2011 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። በዚህ ደንብ መሠረት የስልክ ድርጅቶቹ ጥቅሉ 50 ከመቶ፣ ከዚያም 80 ከመቶ፣ በመጨረሻም 100 ከመቶ ሲደርስ ለባለስልኩ ማስታወቅ አለባቸው። ካለቀ በኋላ ባለስልኩ ካልፈቀደ በስተቀር በውዱ ዋጋ እየቆረጡ መቀጠል አይችሉም። ያልተነካ ዳታም ወደሚቀጥለው ጊዜ እንዲሻገር ዕድል ይሰጣል። ስለዚህ ቧንቧው ሲያልቅ እንዲዘጋ ማድረግ የማይቻል ነገር አይደለም።

በእኛም አገር በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተቋቁሟል። የስልክ ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው እርሱ ነው። ካርዱ ያለአግባብ ተቆረጠብኝ የሚል ሰው በመጀመሪያ ለድርጅቱ ያመለክታል፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ በ994 ይደውላል። መልስ ካላገኘ ወደ ባለሥልጣኑ ማቅረብ ይችላል።

ሲያመለክት ግን «ካርዴን በላው» ብቻ ማለት አይበቃም። የሚጠየቀው መቼና ስንት የሚለው ነው። ስለዚህ ካርድ በሞላን ቁጥር በደብተር ላይ አንድ መስመር እንጻፍ፤ ለምሳሌ እንዲህ፦ «ግንቦት 12፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ 50 ብር ተሞላ። 100 ሜጋ በ10 ብር ተገዛ። ቀሪ 40 ብር። ማታ 2 ሰዓት ሲታይ 40 ብር። በማግሥቱ ጠዋት 1 ሰዓት ሲታይ 4 ብር።» ይህን ያየ ሰው ገንዘቡ የሄደው ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ድረስ መሆኑን ያውቃል። ያን ሌሊት ዳታው ተከፍቶ አድሮ እንደሆነ ስልኩን ከፍቶ ማየት ነው።