የዱር ዳክዬዎች መተጫጨት
(በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



በአገራችን ልማድ ልጃቸውን ለመዳር የሚያስቡ ወላጆች ሽማግሌ ይልካሉ፤ የልጁን ጠባይና ዘር የሚናገሩለትም እነዚሁ ሽማግሌዎች ናቸው። የዱር ዳክዬ ግን አማላጅ የለውምና ስለ ራሱ የሚመሰክረው ራሱ ነው። የሚመሰክረውም በድምፁ ብቻ ሳይሆን በአንገቱ፣ በክንፉና በጅራቱ ነው። ፍርዱን የሚሰጠው ማን እንደ ሆነ ግን ብዙ ተመልካች ሳያስተውለው ያልፋል።

ለምሳሌ የምንወስደው በአውሮፓ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ የሚኖረውን ማላርድ የተባለውን ዳክዬ ነው። በየቤቱ ከሚረቡት ዳክዬዎች አብዛኞቹ የዚሁ ዘር ናቸው። የወንዱ ራስ እንደ ሐር የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ሲሆን፣ አንገቱ ላይ ነጭ ቀለበት፣ ጅራቱ ላይም ወደ ላይ የተጠቀለሉ ጥቁር ላባዎች አሉት። ሴቲቱ ደረቅ ሣር የመሰለ ቡናማ ላባ ለብሳ ትኖራለች። መሬት ላይ ጎጆ ሠርታ 28 ቀን ያህል እንቁላሏን ስትታቀፍ ከጠላት ዓይን የሚሰውራት ይኸው ነው።

ወንዱ ይህን ጌጥ ዓመቱን ሙሉ አይለብሰውም። በሰኔና በሐምሌ ገደማ ላባውን ጥሎ ሴቲቱን ይመስላል፤ የክንፉም ላባ ባንድ ጊዜ ስለሚረግፍ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት መብረር ተስኖት በቄጠማ ውስጥ ተሸሽጎ ይሰነብታል። መስከረምና ጥቅምት ሲገባ ልብሱ ይመለስለታል፤ መተጫጨቱም ያን ጊዜ ይጀመራል። እንቁላል የሚጣለው ግን ከመጋቢት ወዲህ ነው።

ታዲያ ይህን ያህል መቸኮል ለምን አስፈለገ ትሉ ይሆናል። በዳክዬዎች ዘንድ በብዙ ስፍራ ወንዶቹ ከሴቶቹ ይበዛሉ፤ የዘገየው ያለ ሚስት ይቀራል። ለሴቲቱም ቢሆን ነገሩ የዋዛ አይደለም። ከ8 እስከ 13 የሚደርሱ እንቁላሎች ትጥላለች፤ የእንቁላሎቹ ክብደት ተደምሮ የገዛ ክብደቷን ግማሽ ያህል ይሆናል። ይህን ለማፍራት ያለ ዕረፍት መመገብ አለባት፤ ባል የሌላቸው ወንዶች እያሳደዱ መብል እንዳይከለክሏት የሚጠብቃት ጓደኛ ያሻታል። ባል የምትመርጠው እንግዲህ ለጌጡ ብቻ አይደለም።

የመተጫጨቱ ሥርዓት እንዲህ ነው። ብዙ ወንዶች በውኃው ላይ ይሰበሰቡና የራሳቸውን ላባ አቁመው ጅራታቸውን ያራግፋሉ። ከዚያ አንዱ የመንቁሩን ጫፍ ውኃ ውስጥ ነክሮ ደረቱን ወደ ላይ ያነሣል፤ ራሱን እንዳጎነበሰ ወደ ወደዳት ሴት የውኃ ጠብታ ይረጫል፤ ስል የሆነ ፉጨት ያሰማና ያጉረመርማል። ሌላው ራሱንና ጅራቱን ባንድነት ወደ ላይ ሰብስቦ እንደ ኳስ ያጥራል፤ ወዲያው መንቁሩን ወደ ሴቲቱ አዙሮ፣ አንገቱን በውኃው ላይ ዘርግቶ ይዋኝና በመጨረሻ የማጅራቱን ላባ ያሳያታል። ይህ ሁሉ ከጥቂት ሴኮንድ አይበልጥም፤ ተራውም ሁልጊዜ ያው ነው።

ይህን በጥንቃቄ ያጠናው የኦስትሪያው ተወላጅ ኮንራድ ሎሬንዝ ነው። ከእርሱ በፊት ጀርመናዊው ኦስካር ሃይንሮት መንገዱን ጠርጎለት ነበር። ሎሬንዝ እ.ኤ.አ. በ1941 ባሳተመው ጥናት የዳክዬዎችን እንቅስቃሴ አንዱን ከሌላው እያስተያየ፣ ዝምድናቸው በላባና በአጥንት እንደሚታወቅ ሁሉ በጠባያቸውም እንደሚታወቅ አስረዳ። በ1973 የኖቤል ሽልማት ከተሰጣቸው ሦስት የጠባይ ተመራማሪዎች አንዱ እርሱ ነበር።

ከገለጣቸው ነገሮች አንዱ እጅግ ያስገርማል። ወንዱ ሴቲቱን ሊቀርብ ይሻል፤ ደግሞም ይፈራል። በዚህ መካከል ሲቸገር ላባውን ያበጥራል፤ በስብሰባ ላይ የሚናገረው የጠፋበት ሰው ንጹሑን መነጽር ደጋግሞ እንደሚወለውል ማለት ነው። በአንዳንድ ዓይነት ዳክዬ ይህ ማበጠር እውነተኛ ማበጠር ነው። ማላርድ ግን ክንፉን ከፍ አድርጎ ሰማያዊውን ላባ እስኪያሳይ ድረስ ያነሣዋል። በምሥራቅ እስያ የሚኖረው ማንዳሪን የተባለው ዳክዬ ደግሞ ማበጠሩን ፈጽሞ ትቶ፣ እንደ ሸራ የቆመችውን አንዲት ብርቱካንማ ላባ በመንቁሩ ነካ ብቻ ያደርጋል። የኀፍረት ምልክት የነበረው ከብዙ ዘመን በኋላ የጋብቻ ጥያቄ ሆነ ማለት ነው።

አሁን ወደ ፍርዱ እንመለስ። ሴቲቱ የመረጠችውን ወንድ ተከትላ እየዋኘች ራሷን በትከሻዋ በኩል ወደ ኋላ ታዞራለች፤ በሌላው ወንድ ላይም እየጮኸች የዛቻ ምልክት ታሳያለች። «ይህን አባርልኝ» ማለቷ ነው። የተመረጠው አብሯት ከሄደ ነገሩ ተፈጸመ። የማላርድና የሌሎች ዓይነቶች ዝርያ ተደባልቆ የሚራባ ልጅ ሊወለድ ስለሚችል፣ የየዘሩን ድንበር ከሚያስከብሩት ነገሮች አንዱ ይህ የሴቲቱ ምርጫ ነው።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ። ከጥቅምት እስከ መጋቢት በዝዋይና በጣና ሐይቅ ላይ ከአውሮፓና ከእስያ የመጡ ዳክዬዎች ይከርማሉ፤ ከእነርሱም አንዱ ጅራቱ እንደ መርፌ የሾለው ዳክዬ ነው። ይህ ዓይነት በሚከርምበት አገር ይተጫጫል። ጊዜው ሲደርስ ሴቲቱ ወደ ተወለደችበት አገር ትመለሳለች፤ ወንዱም ይከተላታል። ስለዚህ አንዱ ወንድ ከተወለደበት ረግረግ በብዙ መቶ ኪሎሜትር ርቆ የሚስቱ አገር ሰው ሆኖ ሊቀር ይችላል። የአገራችን ነዋሪ የሆነው መንቁረ ቢጫ ዳክዬ ግን ይህን የመሰለ የሠርግ ልብስ የለውም፤ ወንዱና ሴቲቱ በመልክ አይለያዩም።

በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ከሐይቅ ዳር የቆማችሁ እንደ ሆነ፣ ውኃ የሚረጨውንና የሚያፏጨውን ወንድ ተዉትና ቡናማይቱን ሴት ተመልከቱ። በትከሻዋ በኩል ማንን እንደምትዝትበት፣ ከማንስ ጎን እንደምትዋኝ ካያችሁ፣ ጉዳዩ ወዴት እንዳጋደለ ታውቃላችሁ።